ጣትና ዓይን፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፓነልን አንብቦ ከቤት ኔትወርክ ጋር ስለ ማገናኘት

(ደብረ ማርቆስ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና ለቴክኒክ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ለማንኛችሁም አዲስ አይደለም። ፊቱ ላይ ቁልፎች፣ ትንንሽ መብራቶችና ቁጥር ማሳያ ያለው፣ ዋይፋይ ግን የሌለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር ይህ ማሽን እንዲሠራ ውኃና መብራት መገጣጠም አለባቸው። ውኃው ሌሊት መጥቶ ሮቶው ይሞላል፤ ቤተሰቡ ተኝቷል። ጠዋት ሲነሱ መብራት የለም። ልብሱ ተነክሮ እያለ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ መቀጠሉን ቆሞ ያላየው ሰው አያውቅም።

የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ሮቶው ሲሞላ ማሽኑን ማስነሳት፣ ሲጨርስ በስልክ ማወቅ፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ ማንበብ። ይህን ለማግኘት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዋናውን ቦርድ አውጥቶ በራሱ ሬሌዎችና በራሱ ፕሮግራም መተካት ነው። እኛ ይህን መንገድ አጥብቀን እንቃወማለን። ዋናው ቦርድ በሩ ሳይቆለፍ ከበሮውን አያዞርም፤ ውኃ ሳይገባ ማሞቂያውን አይለኩስም፤ የሙቀት መለኪያው ሽቦ ከተበጠሰ ያቆማል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጡ ተጽፎ አለ። እኛ ማሽኑ ላይ የምንጨምረው አንድ ጣትና አንድ ዓይን ብቻ ነው። ጣቱ የሰው ጣት የሚጫነውን ቁልፍ ይጫናል፤ ዓይኑ የሰው ዓይን የሚያየውን ማሳያ ያነባል። አንጎሉ የነበረው እንደነበረ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ከዚህ አሳብ የሚወጣ ነው።

ከቁልፍና ከማሳያ በፊት ግን ስለ ኮረንቲው እንነጋገር፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ይያዝ። ፓነሉ በ5 ቮልት ስለሚሠራ የሚነካ ይመስላል። በብዙ ማጠቢያ ማሽኖች ግን የ5 ቮልቱ መስመር ከ220 ቮልቱ ጋር በሽቦ የተያያዘ ነው። ምክንያቱ ትራያክ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ነው። የውኃ ማስገቢያ ቫልቩንና የማፍሰሻ ፓምፑን የሚያበሩት ትራያኮች ማስነሻቸው የሚለካው ከመብራቱ መስመር ላይ ከተቀመጠው እግራቸው አንጻር ነው። ከማስነሻው ኮረንቲ ወደ ውጭ ሲሳብ በደንብ ይነሳሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገፋ ግን በግማሹ ዑደት እምቢ የሚሉ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የ5 ቮልቱን ፖዘቲቭ በቀጥታ ከመብራቱ አንድ መስመር ጋር ያስረዋል፤ ቺፑም ማስነሻውን ወደ ታች እየጎተተ ያበራዋል። ሠሪው የፓነሉን ፊት በፕላስቲክ ስለሸፈነው ለተጠቃሚው ችግር የለውም። ለእኛ ግን አለው። የእኛ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ይገባል፤ ዛሬ ኒውትራል ላይ የነበረው የፓነሉ መስመር ነገ ስፒናው ሲገለበጥ ፌዝ ላይ ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። የማሽኑን ዋና ማብሪያ ተጭናችሁ ተዉት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ከስፒናው አንድ እግር፣ ሌላውን ከፓነሉ ማገናኛ ግራውንድ ላይ አኑሩ። ከዚያ ከ5 ቮልቱ ላይ። ከዚያ በሁለተኛው እግር ሁለቱንም ድገሙ። አራት ልኬት ነው። ከአራቱ በአንዱ እንኳ ቴስተሩ ከጮኸ ወይም ዝቅተኛ ኦም ካሳየ ፓነሉ ኮረንቲ የተሸከመ ነው። ግራውንዱን ብቻ ለክተው «ተለያይቷል» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቅድም እንዳልነው ብዙ ጊዜ የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። አራቱም ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ ቦርዱን አገላብጣችሁ ትራንስፎርመሩን፣ በሁለቱ ጎን መካከል የተተወውን ባዶ መንገድና በላዩ የተሻገረውን ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) በዓይናችሁ እዩ። ይህን ካላገኛችሁ እንደ 220 ቮልት ቁጠሩት።

ኮረንቲ በተሸከመ ፓነል ላይ የኮምፒውተር ገመድ መሰካት ምን ያደርጋል? የሎጂክ አናላይዘሩ (ሽቦ ላይ የሚያልፈውን ምልክት ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳው መሣሪያ) ግራውንድ በዩኤስቢ በኩል የላፕቶፑ ግራውንድ ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር ኧርዝ ካለው ኮረንቲው በአናላይዘሩ ውስጥ አልፎ ወደ መሬት ይሮጣል፤ አናላይዘሩ፣ የላፕቶፑ ወደብና የማሽኑ ቺፕ በአንድ ቅጽበት ይሞታሉ። ኧርዝ ከሌለው ደግሞ የላፕቶፑ አካል ራሱ 220 ቮልት ተሸክሞ እጃችሁን ይጠብቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

ስለዚህ የማዳመጥ ሥራው፣ ማለትም ቺፑ ከፓነሉ ጋር የሚለዋወጠውን ምልክት መቅዳት፣ መብራት በሌለበት ይሠራል። የማሽኑ ስፒና ተነቅሎ፣ የቦርዱ 5 ቮልት ከውጭ ይሰጠዋል። የ5 ቮልቱን መስመር ከሬጉሌተሩ መውጫ ወይም 10 እና 16 ቮልት ከተጻፈባቸው ካፓሲተሮች ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከፓነሉ ማገናኛ ጋር መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሳትገለብጡ ከ5 ቮልት አስማሚ ስጡት። ፓወር ባንክ የምትጠቀሙ ከሆነ ቦርዱ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ቦርዱ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ቺፑ ሲነቃ የመብራቱን ሞገድ ስለማያገኝ የስህተት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ይሁን። ከማሳያውና ከቁልፎቹ ጋር የሚያደርገው ንግግር ግን አይቋረጥም፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

ኢንቨርተር ሞተር ያለው ማሽን ከሆነ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኮረንቲ ይቆያል። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር ወደ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ይህንንም የሚይዘው ትልቁ ካፓሲተር ነው። በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስጮህ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ሁለቱ እግሮቹ ላይ ያዙበት። ካፓሲተሩ 470 ማይክሮፋራድ ከሆነ በ24 ሰከንድ ገደማ ከ3 ቮልት በታች ይወርዳል። ከዚያ ለክታችሁ እመኑ።

አንድ ከዚህ አገር ጋር የሚያያዝ ነገር እንጨምር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየር ሲሳሳ ኮረንቲን የመከላከል ጉልበቱም ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ደረጃዎች በሁለት ሽቦዎች መካከል መኖር ያለበትን የአየር ክፍተት የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። አንዳንድ አስማሚ ላይ የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ምልክት የምታዩት ለዚህ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት፤ ደብረ ማርቆስ ግን አልፋዋለች። ስለዚህ በራሳችሁ ቦርድ ላይ የ220 ቮልቱን ጎንና የእናንተን ጎን ስትለያዩ ሌላው ሰው 8 ሚሊ ሜትር የሚተው ከሆነ እናንተ 10 ተዉ፤ በኦፕቶካፕለሩ ሆድ ሥር ያለውን ቦርድም ሰንጥቁት። ክረምት ላይ እርጥበት ስለሚጨመርበት ቦርዱን የሚሸፍን ቫርኒሽ መቀባትም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፓነሉ እንግባ። መጀመሪያ ፎቶ። የቦርዱን ፊትና ጀርባ ከላይ በቀጥታ አንሱ፤ የጀርባውን ፎቶ በስልክ ገልብጣችሁ ከፊቱ ጋር ስታስተያዩት መንገዶቹ ይነበባሉ። ከዚያ ከማገናኛው እየጀመራችሁ እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደሚደርስ በቴስተር ተከተሉና ወረቀት ላይ ሳሉ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከሁሉም ሥራ ያላነሰ ዋጋ ያለውም እሱ ነው። ከሥዕሉ ላይ ቁልፎቹ ከአራት ዓይነት በአንዱ ይወድቃሉ።

ቀላሉ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ያለው ሲሆን አንድ ጎኑ ግራውንድ ነው። ሁለተኛው በመደዳና በዐምድ የተሰካ ነው፤ ቺፑ በየተራ ምት እየላከ የትኛው መገናኛ እንደተዘጋ ያያል። ሦስተኛው ሁሉም ቁልፎች አንድ ሽቦ ላይ በተለያየ ሬዚስተር የተንጠለጠሉበት ነው። ለምሳሌ ከ5 ቮልት በ10 ኪሎ ኦም የተጎተተ ሽቦ ላይ 1 ኪሎ ኦም ያለው ቁልፍ ሲጫን 0.45 ቮልት፣ 2.2 ኪሎ ኦም ያለው 0.90፣ 4.7 ኪሎ ኦም ያለው 1.60 ቮልት ይነበባል። አራተኛው በጣት ንክኪ የሚሠራው ነው። እሱ ዘንድ የሚገናኝ ብረት የለም፤ ቺፑ የጣትን መቅረብ ነው የሚለካው። ንክኪ ላለው ፓነል ጣት ለማስመሰል አትድከሙ፤ ከንክኪ ቺፑ ወደ ዋናው ቺፕ የሚሄደውን ሽቦ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ እንደ ተራ ቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል ምልክት ታገኛላችሁ።

የማሳያውን ጎን የሚያዛው ብዙ ጊዜ አንድ 28 እግር ያለው ቺፕ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን በአጉሊ መነጽር አንብቡ። በርካሽ ዕቃዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው የሼንዘኑ ታይታን ማይክሮ የሚሠራው ቲኤም1628 ነው፤ ወንድሙ ቲኤም1638ም አለ። ቲኤም1628 በሦስት ሽቦ ይነጋገራል፤ ሰዓት፣ ዳታና መምረጫ። ማሳያውንም ያበራል፤ በመደዳና በዐምድ የተሰኩ ቁልፎችንም ያነባል። ይህን ቺፕ ያገኘ ሰው ጣቱንም ዓይኑንም አንድ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

የቺፑ ስም ተፍቆ ከሆነስ? የማይታወቅ ማገናኛ ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ዋሸራም ሆነ ዲማ የቅኔ ተማሪ ያልሰማውን ቅኔ ሲቀበል መጀመሪያ የሚፈልገው ማሰሪያ አንቀጹን ነው፤ እሱ ከተገኘ ባለቤቱም ተሳቢውም ቦታቸውን ይይዛሉ። እኛ ዘንድ ማሰሪያው ሰዓቱ ነው። ከሽቦዎቹ መካከል እኩል እኩል ርቀት ባላቸው ስምንት ስምንት ምቶች የሚመታው እሱ ነው። ንግግሩ ሲጀመር አንዴ ወርዶ ሲያልቅ የሚነሳው መምረጫው ነው። በየንግግሩ መልኩን የሚለዋውጠው የቀረው ዳታው ነው። በእኩል የሚመታ ሽቦ ከጠፋ ደግሞ ፓነሉ የራሱ ፕሮግራም ያለው ቺፕ ይዞ በአንድ ሽቦ የሚናገር ይሆናል። ያን ጊዜ ከምቶቹ ሁሉ አጭሩን ለኩ፤ 104 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ቢት ነው፤ 52 ከሆነ 19,200 ነው።

ለማዳመጥ 8 ቻናል ያለው፣ በሰከንድ እስከ 24 ሚሊዮን ጊዜ የሚያነብ ርካሽ ሎጂክ አናላይዘርና ነጻው ፐልስቪው ፕሮግራም ይበቃል። ቲኤም1628 እስከ 1 ሜጋኸርዝ ሰዓት ይቀበላል፤ የምታነቡበት ፍጥነት ቢያንስ የሰዓቱ አራት እጥፍ ይሁን። የፐልስቪውን የኤስፒአይ (በሰዓት ምት የሚሄድ ንግግር) መፍቻ ክፈቱ፤ ሰዓቱ ሥራ ሲፈታ ከፍ ብሎ የሚቆምና ሲወጣ የሚነበብ መሆኑን፣ ትንሹ ቢት መጀመሪያ እንደሚመጣ ንገሩት። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ ቁጥሮቹ ሁሉ ተገልብጠው ስለሚወጡ ምንም ትርጉም አይሰጡም፤ ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡትም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

በትክክል ከተፈታ የሚታየው ንግግር አጭር ነው። በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 40 «ዳታ ልጽፍ ነው» ማለት ነው። ሲ0 ከመጀመሪያው አድራሻ መጀመሩን ይናገራል፤ ቀጥሎ እስከ 14 ባይት የማሳያው ይዘት ይመጣል። ከ88 እስከ 8ኤፍ ያለው ማሳያውን ያበራል፤ የብርሃኑንም መጠን ይወስናል። 42 ሲላክ ደግሞ ቺፑ መልሶ 5 ባይት የቁልፎች ሁኔታ ይሰጣል። ቁልፍ ሳትጫኑ አንድ ጊዜ ቅዱ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫናችሁ ቅዱ። ከአምስቱ ባይት የትኛው ቢት እንደተለወጠ ጻፉ። የቁልፍ ሠንጠረዡ በዚህ ያልቃል።

የማሳያው ሠንጠረዥ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጽሐፍ ላይ ዜሮ 3ኤፍ፣ አንድ 06፣ ሁለት 5ቢ ነው። ቦርድ ሠሪው ግን መንገዶቹ እንዳይሻገሩበት ሲል ሰባቱን ሰረዞች በፈለገው እግር ላይ ይሰካቸዋል፤ ማሳያው በፖዘቲቩ በኩል የተጣመረ ከሆነም መደዳውና ዐምዱ ይገለበጣሉ። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር አትጠብቁ። ማሽኑ የቀረውን ደቂቃ ሲያሳይ በየለውጡ ማሳያውን በስልክ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ባይቶቹንም ቅዱ፤ ከዚያ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ከ0 እስከ 9 ያለውን ሙሉ። መብራቶቹንም አትርሱ፤ «በር ተቆልፏል» የሚለው ትንሽ መብራት ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ማዳመጡ ካለቀ በኋላ ዓይኑ በቋሚነት ይገጠማል፤ አሁን ማሽኑ 220 ቮልት ላይ ነው። ጣቱንና ዓይኑን የሚያዛው፣ ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 ቦርዳችንና ፓነሉ አንድ ግራውንድ ፈጽሞ አይጋሩም። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ፒሲ817 የተባለውን ኦፕቶካፕለር በሰዓቱ ሽቦ ላይ ማስገባት ነው። ፒሲ817 ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ለመነሳትና ለመውደቅ ብዙ ማይክሮ ሰከንድ ስለሚፈልግ በመቶ ኪሎኸርዝ የሚመታ ሰዓት በእሱ ሲያልፍ ምቶቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ለሦስቱም ሽቦዎች ኤዲዩኤም1300 የተባለው ዲጂታል አይሶሌተር (ፈጣን ምልክት እያሳለፈ ሁለቱን ጎን የሚለይ ቺፕ) ይሁን። ሦስቱ ቻናሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሳልፋሉ፤ አንዱ ጎኑ ከማሽኑ 5 ቮልት፣ ሌላው ከኢኤስፒው 3.3 ቮልት ስለሚመገብ የቮልቴጅ ልዩነቱንም አብሮ ይፈታል።

ይህን ቺፕ ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ወይም ፓነሉ ያለ ቺፕ በዋናው ቦርድ በቀጥታ የሚበራ ከሆነ፣ ዓይኑን እንደ ስሙ ዓይን አድርጉት። «ማጠብ»፣ «ማለቅለቅ»፣ «መጭመቅ»፣ «በር» የሚሉት መብራቶች ላይ አንድ አንድ ብርሃን የሚያነብ ፎቶትራንዚስተር በጥቁር ቴፕ ለጥፉ። የማሳያ መብራቶች በሰከንድ መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ ብልጭ እያሉ ነው በቋሚነት የበሩ የሚመስሉት፤ ስለዚህ በ10 ኪሎ ኦምና በ10 ማይክሮፋራድ አረጋጉት። ከማሽኑ ጋር አንድም ሽቦ አይነካካም። መልኩ አያምርም፤ ደቂቃውንም አያነብም። ለመጀመሪያ ሥራ ግን እኛ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ቢሳሳት ሰው አይጎዳም።

ወደ ጣቱ እንምጣ። ለተራ ቁልፍ ፒሲ817 ልክ ቦታው ነው። በኢኤስፒው ጎን 330 ኦም ሬዚስተር አድርጉ፤ ከ3.3 ቮልት 6 ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፋል። በማሽኑ ጎን ከቁልፉ ጋር ጎን ለጎን ይሰካል፤ ኮሌክተሩ ፖዘቲቭ ወዳለበት፣ ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ። ከቲኤም1628 ጋር ለተያያዘ ቁልፍ ምቱ ከሚወጣበት እግር ወደሚነበብበት እግር ስለሚሄድ ኮሌክተሩ ከምት ሰጪው፣ ኤሚተሩ ከአንባቢው ጋር ይሁን። ከተገለበጠ ምንም አይበላሽም፤ ብቻ አይሠራም።

በሬዚስተር የተንጠለጠሉት ቁልፎች ላይ ግን ፒሲ817 ያታልላል። ሙሉ በሙሉ ሲበራ እንኳ ሁለት እግሮቹ ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ያስቀራል። ቅድም 0.45 የነበረው ቁልፍ ወደ 0.59 ይወጣል፤ በእሱና በ0.90 መካከል ያለው ወሰን ደግሞ 0.68 ገደማ ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ሙቀት ሲለወጥ «ጀምር» ያላችሁት «ሙቀት ጨምር» ይሆናል። እዚያ ላይ ይህን ያህል ቮልት የማያስቀር ፎቶሞስ ሬሌ ወይም ትንሽ ሪድ ሬሌ ተጠቀሙ።

የመጫኛው ርዝመት 200 ሚሊ ሰከንድ ይሁን፤ በሁለት ጭነት መካከል 500 ሚሊ ሰከንድ ተዉ። ከ50 በታች ከሆነ ቺፑ እንደ ንዝረት ቆጥሮ ይጥለዋል፤ ከ2 እና 3 ሰከንድ ከበለጠ ደግሞ በብዙ ማሽን የልጅ መቆለፊያው ይነሳና ፓነሉ አልታዘዝም ይላል።

ጣትና ዓይን አንድ ላይ የሚሠሩበት ደንብ ይህ ነው፤ ሳታዩ አትጫኑ፣ ተጭናችሁ ሳታዩ አትቀጥሉ። የማብሪያው ቁልፍ አንድ ነው፤ ሲጫኑት ያበራል፣ ደግመው ሲጫኑት ያጠፋል። ፕሮግራማችሁ «በርቷል» ብሎ በራሱ ትዝታ የሚመራ ከሆነ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ትዝታውና እውነቱ ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ማብራት ሲፈልግ የሚያጠፋ ጣት ነው ያላችሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭነት እንዲህ ይሂድ፤ ማሳያውን አንብብ፤ የሚጠበቀው ሁኔታ ላይ ከሆነ ተጫን፤ እስከ 2 ሰከንድ ጠብቅ፤ ማሳያው ካልተለወጠ አንድ ጊዜ ብቻ ድገም፤ አሁንም ካልተለወጠ ተውና ለሰው ንገር። ፕሮግራም መምረጫውም እንዲሁ ነው። «ሦስት ጊዜ ተጫን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የጥጥ መብራቱ እስኪበራ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ጊዜ» ብላችሁ ጻፉ።

በሰዓት ቆጥሮ «በ90 ደቂቃ ያልቃል» ማለትም አይሠራም። ማታ ላይ መብራቱ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የ2,000 ዋት ማሞቂያ የሚሰጠው 1,340 ዋት ያህል ነው፤ ውኃውን ለማሞቅ አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ማለቁን የሚነግራችሁ ማሳያው ነው። ተጨማሪ ምስክር ከፈለጋችሁ ፒዜም004ቲ የተባለውን የኮረንቲ መለኪያ በማሽኑ መስመር ላይ አስገቡ፤ ማሞቂያው ሲሠራ 9 አምፔር ያህል፣ ሲያልቅ ከ5 ዋት በታች ታያላችሁ። ማሽኑ ልብሱን ዘፍዝፎ ሲቆምም ዝቅ ስለሚል ለብቻው ግን አትመኑት።

ኢኤስፒ32ን ከማሽኑ 5 ቮልት አትመግቡት። የማሽኑ ሬጉሌተር አንዳንዴ 100 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚችለው፤ ኢኤስፒው ደግሞ ዋይፋዩ ሲያሰራጭ በቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊ አምፔር ይስባል። ማሽኑ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ይነሳል። የተለየ፣ ጥሩ የስልክ ቻርጀር ስጡት። የማሽኑ አካል ቆርቆሮ ስለሆነ ኢኤስፒውን ከላይ ካለው የፕላስቲክ ፊት ጀርባ አስቀምጡት፤ ሆዱ ውስጥ ከገባ ዋይፋዩ አይደርስም። የእግር ምርጫም አለ፤ 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15 ሲነሳ የራሳቸው ሥራ ስላላቸው ጣት አይሁኑ። 14ም ሲነሳ ምት ይለቃል። ከ34 እስከ 39 ያሉት ማንበብ እንጂ ማዘዝ አይችሉም። ለጣት 25፣ 26፣ 27፣ 32 እና 33 ጥሩ ናቸው።

በሶፍትዌር በኩል ኢኤስፒሆም (ኢኤስፒው ላይ የሚጫነው) እና ሆም አሲስታንት (የቤቱን ዕቃዎች አንድ ላይ የሚመራው) ይበቃሉ፤ ሆም አሲስታንት በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ የላፕቶፑ ባትሪ መብራት ሲሄድ ያቆየዋል። መልእክቱ በቴሌግራም ይምጣ፤ ሰው ሁሉ አለው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ማስነሳቱም ማንበቡም መቀጠል አለበት፤ ስለዚህ ሁለቱ ደንቦች፣ ማለትም አይቶ መጫንና ተጭኖ ማየት፣ ኢኤስፒው ውስጥ ይጻፉ እንጂ ሌላ ቦታ አይቀመጡ።

ሰዓቱ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። መብራትና ኢንተርኔት አብረው ሲመለሱ ኢኤስፒው ሰዓት ሳያገኝ ሊነሳ ይችላል፤ ዲኤስ3231 የተባለ የሰዓት ሞጁል ይጨመርለት። በዚህ ሞጁል ርካሽ ቅጂዎች ላይ ባትሪውን የሚሞላ መስመር አለ፤ የገባው ባትሪ የማይሞላው ሲአር2032 ከሆነ የመሙያውን ሬዚስተር አንሱ፤ ካልሆነ ባትሪው ያብጣል። ሁለተኛው የእኛው አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ የፈለገ ሰው 8 ብሎ ከሞላ ማሽኑ የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። መሣሪያው 02፡00 ነው የሚፈልገው። የጊዜ ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉና ቤተሰቡ የሚያየው ገጽ ላይ በእኛ ሰዓት ጻፉላቸው።

አንድ ቤት ውስጥ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ካለ እሱ ብቻ 16 አምፔር ይወስዳል። የማጠቢያው ማሞቂያ 9 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ አሮጌ መስመር ይግላል፣ ብሬከር ይወርዳል። የፒዜሙ መለኪያ በዋናው መስመር ላይ ከተቀመጠ ምጣዱ ሲበራ ማሽኑን አለማስነሳት ይቻላል። በመሃል ግን አታቋርጡት፤ አለማስነሳት ብቻ። የሮቶውም ፍሎት ስዊች (የውኃውን ከፍታ የሚያውቅ ተንሳፋፊ ማብሪያ) እንዲሁ ፈቃድ ሰጪ ይሁን፤ ውኃ ከሌለ ጣቱ አይንቀሳቀስ። የ90 ዲግሪውን ፕሮግራም ደግሞ ለርቀት አትክፈቱት። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያ ፕሮግራም እዚህ ከመፍላት ጥግ ላይ ስለሚሠራ ሰው አጠገቡ ይኑር። በርን የሚከፍት ወይም የበር መቆለፊያን የሚያልፍ ጣትም አትሥሩ።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የሚደረጉ ፈተናዎች አሉ። ማሽኑ እያጠበ ሳለ የኢኤስፒውን ቻርጀር ንቀሉ፤ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠል አለበት። ጣቱ ሊጫን ሲል ራውተሩን አጥፉ። ጣቱ እየተጫነ ሳለ እናንተም በእጃችሁ ሌላ ቁልፍ ተጫኑና ምን እንደሚያነብ እዩ። በማጠብ መሃል የማሽኑን ስፒና ነቅላችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሱ፤ በስልክ የሚመጣው መልእክት ፓነሉ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ መሆን አለበት። በመጨረሻ ማሽኑ ጠፍቶ በተጠንቀቅ ላይ እያለ የኢኤስፒውን ቻርጀር አሥር ጊዜ ነቅላችሁ አሥር ጊዜ ሰኩ። አሥሩንም ጊዜ ፓነሉ ጨልሞ ከቆየ ክዳኑን ዝጉ።